ሳይቃጠል በቅጠል

(ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ መንግሥታት ኃላፊነት ለወጣቶች የቀረበ ትምህርት)

ባለፈው ክረምት በደብራችን ዙሪያ ባለው ገላጣ ዳገት ላይ ችግኝ እንደ ተከልን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዶማና አካፋ ከየቤታችን ይዘን መጥተን፣ ከጧት እስከ ቀትር ጉድጓድ ስንቆፍርና ወይራውን፣ ጽዱንና ዝግባውን ስንተክል ውለን ደስ ብሎን ተመለስን። ነገር ግን ዝናቡ ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ አቆመ። በጥቅምት ወር ሄደን ስንቆጥር ከግማሽ የሚበልጡት ችግኞች ደርቀው አገኘናቸው። ከወንዙ በጀሪካን ውሃ እያመላለስን የተረፉትን ለማዳን በምንሞክርበት ጊዜ ከመካከላችን አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጠየቀ፡- «ዝናቡ ራሱ ጠባዩን ከለወጠ የእኛ ጀሪካን ምን ያደርጋል? ይህን ነገር ማቆም የሚችለው ማን ነው?»

ጥያቄው በዚያ ቀን መልስ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ግን በተከታታይ እሑዶች ተወያየንበት፤ ያገኘነውንም መጽሐፍና ዘገባ እየተካፈልን አነበብን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውይይት ውጤት ነው። የደረስንበትንም አሳብ በመጀመሪያው ላይ ብንገልጸው ይሻላል። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ መቀጠልም አለበት። ይሁን እንጂ የአየር ንብረት ለውጥ መንግሥታት በሕግ፣ በበጀትና በስምምነት ካልገቱት በቀር በግለሰቦች በጎ ፈቃድ ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም። ጊዜውም እያለፈ ነው።

1ኛ/ ነገሩ ምንድን ነው?

ምድር ከፀሐይ ሙቀት ትቀበላለች፤ ከተቀበለችውም መልሳ ወደ ጠፈር ትለቃለች። በአየር ውስጥ ያሉ አንዳንድ ጋዞች፣ በተለይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሚወጣው ሙቀት ከፊሉን ይዘው ያስቀራሉ። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ እነዚህ ጋዞች ጨርሶ ባይኖሩ ኖሮ ምድር በብርድ በረዶ ትሆን ነበር። ክፋቱ ከልክ ሲያልፍ ነው።

ነገሩን በቤታችን ምሳሌ እንየው። ሌሊት ነጠላ ለብሶ የተኛ ሰው ቢኖርና በነጠላው ላይ ጋቢ፣ በጋቢውም ላይ ቡልኮ ቢደረብበት፣ በቤቱ ውስጥ እሳት ያነደደ ባይኖርም ሰውየው በላብ ይጠመቃል። ሙቀቱ የመጣው ከገዛ ገላው ሲሆን፣ ድርቡ ልብስ መውጫ ከለከለው። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ባቃጠልን ቁጥር፣ ደን ጨፍጭፈን ባቃጠልንም ቁጥር፣ በምድር ላይ አንድ ድርብ እንጨምራለን ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት የትናንት አይደለም። አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል እነዚህ ጋዞች ሙቀት እንደሚይዙ እ.ኤ.አ. በ1859 በመሣሪያ ለክቶ አሳየ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ደግሞ በ1896 በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨምር የምድር ሙቀት ምን ያህል ከፍ እንደሚል አሰላ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኪሊንግ ከ1958 ጀምሮ በሃዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ወደ 315 የሚጠጋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። የአውሮፓ የፋብሪካ ዘመን ከመጀመሩ በፊት 280 ያህል እንደ ነበር በጥንት በረዶ ውስጥ ታሽጎ የቀረው አየር ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ልኩ ከ420 አልፏል። ያው 2024 መለኪያ ከተጀመረ ወዲህ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ሲሆን፣ የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እንደ ገለጸው የምድር አማካይ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ያህል በልጧል።

«አንድ ዲግሪ ተኩል ምን አላት?» የሚል ይኖር ይሆናል። የሰው ገላ ሙቀት ከ37 ወደ 38 ተኩል ሲወጣ ግን ያ ሰው ትኩሳት ይዞታል፤ ሥራውን ትቶ ይተኛል። በምድርም ላይ አማካዩ በጥቂቱ ከፍ ሲል ዳርና ዳሩ ብዙ ይለወጣል፤ ድርቁ ይበረታል፣ ዝናቡም ሲመጣ በአንድ ጊዜ ወርዶ አፈር ጠርጎ ይሄዳል። አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

2ኛ/ በእኛ ዘንድ ምን አመጣ?

በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ፣ በቦረናና በሶማሌ ክልል፣ እንዲሁም በጎረቤቶቻችን በሶማሊያና በኬንያ፣ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ አንዱ በበልግ ወራት፣ ሁለተኛው ደግሞ ቦረናዎች ሐጋያ በሚሉት በጥቅምትና በኅዳር ግድም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። አንድ ወቅት ሲከሽፍ አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ይሰደዳል፤ ሁለት ሲከሽፍ ከፊሉን ይሸጣል፤ አምስት ሲከሽፍ ግን የሚሸጠውም የሚነዳውም አይቀርለትም። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። ከብት ለቦረና ሰው ምግቡ፣ ገንዘቡ፣ የልጁ ጥሎሽና ክብሩ መሆኑን ስናስብ የጠፋው ነገር ሥጋና ወተት ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

እ.ኤ.አ. በ2023 የልዩ ልዩ አገሮች ሊቃውንት ተሰብስበው ይህን ድርቅ መረመሩ። ውጤቱም የሰው ልጅ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድሉን 100 ጊዜ ያህል እንዳበዛው አመለከተ። ዝናቡ ማነሱ ብቻ ሳይሆን፣ ሙቀቱ በመጨመሩ በአፈርና በሣር ውስጥ የነበረው ጥቂት እርጥበት እንኳ ቶሎ ተንኖ መሄዱ ጉዳቱን አክፍቶታል።

ይህን ስንል ግን የደረሰብንን ክፉ ነገር ሁሉ በአየር ንብረት ላይ ማላከክ ሐሰት እንዳይሆንብን መጠንቀቅ ይገባናል። ለምሳሌ የሐረርጌው የሐሮማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት ደርቆ የቆየው ሙቀት ስለ ጨመረ ብቻ አይደለም። ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ያለ ልክ ውሃው ስለ ተቀዳና ከዙሪያው ተራሮች የተጠረገው አፈር ስለ ሞላው ጭምር ነው። የሰሜኑም ደጋ የተራቆተው በእርሻና በማገዶ ፍለጋ ብዛት ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ቀድሞ የቆሰለውን ያመረቅዛል እንጂ ቁስሉን ሁሉ የፈጠረው እሱ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም፣ የራሳችንንና የዓለምን ጥፋት፣ ለይተን ማወቅ ይኖርብናል።

3ኛ/ ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ ከራሳችን ታሪክ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። ድርቅ ከሰማይ ይመጣል፤ ረሃብ ግን ከአስተዳደርም ይመጣል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በአገሪቱ ሌላው ክፍል እህል ነበረ። የወሎው ገበሬ ግን መግዣ አልነበረውም፤ መንግሥትም ነገሩ እንዳይሰማ ደበቀው። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ያዩትን ለማሳወቅ ጣሩ። በኋላም የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልሙን ባሳየ ጊዜ ዓለም አወቀ፤ ለብዙዎች ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

በ1977ቱም ረሃብ እንዲሁ ሆነ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አደጋው እንደሚመጣ አስቀድሞ፣ በ1976 ዓ.ም.፣ ለለጋሽ አገሮች አስጠንቅቆ ነበር። ለጋሾቹ ዘገዩ። መንግሥትም በአንድ በኩል በጦርነት፣ በሌላ በኩል በመስከረም 1977 ለሚከበረው ዐሥረኛ የአብዮት በዓል ዝግጅት ተይዞ ነበር። በጥቅምት ወር የረሃቡ ሥዕል በውጭ አገር ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ዓለም ተነሣ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወገናችን ግን አለቀ። ከእኛ መካከል አያቶቹ ያን ዘመን በመጠለያ ያሳለፉ አሉ። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ ብዙ አይናገሩም።

አሁን ደግሞ 2008 ዓ.ም.ን እንመልከት። ኤል ኒኞ በሚባለው የውቅያኖስ ሙቀት ምክንያት ዝናቡ በብዙ ቦታ ክፉኛ ተጓደለ፤ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብም የምግብ እርዳታ አስፈለገው። ይሁን እንጂ እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልሆነም። ምክንያቱም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር የገጠር ቤተሰብ በችግር ወራት ሥራ እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ የሚያገኝበት የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ስለ ነበረ፣ የጤና ጣቢያዎች ስለ በዙ፣ ከአገሪቱ ካዝናም ገንዘብ ስለ ወጣ ነው። ችግር አልነበረም አንልም፤ ብዙ ሰው ጥሪቱን አጥቷል። ነገር ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ሥርዓት የሰው ሕይወት አትርፏል።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው የዮሴፍ ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። ዮሴፍ የሰባቱን ዓመት ረሃብ አስቀድሞ ባወቀ ጊዜ «እያንዳንዱ ሰው በየቤቱ ይጠንቀቅ» ብሎ ምክር ሰጥቶ ዝም አላለም። በጥጋቡ ዘመን ከምድሪቱ ፍሬ ከአምስት አንዱ እንዲሰበሰብ፣ ሹማምንት እንዲሾሙ፣ እህሉም በየከተማው እንዲከማች በመንግሥት ትእዛዝ አሠራ። ማስጠንቀቂያው ሥርዓት ስለ ሆነ ሕዝብ ዳነ፤ ከጎረቤት አገርም የተራቡት መጥተው ተመገቡ።

4ኛ/ የግል ጥረት ብቻውን ለምን አይበቃም?

በውይይታችን ላይ አንዲት እኅት «ሁሉም ሰው በየፊናው ቢጠነቀቅ ችግሩ ያልቃል፤ ለምን መንግሥት መንግሥት እንላለን?» ስትል ተከራክራ ነበር። አሳቧ መልካም ስለ ሆነ ደጋግመን አስበንበታል። ያገኘነውም መልስ የሚከተለው ነው።

አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ከነዳጅና ከመሳሰለው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ ከ0.2 ቶን በታች ነው። አንድ አሜሪካዊ ግን ወደ 14 ቶን ያወጣል፤ ይህም ከእኛ ሰባ እጥፍ በላይ ማለት ነው። እንግዲህ የእኛ ገበሬ ኩራዙን ቢያጠፋ ምን ያህል ይቀነሳል? አሜሪካዊውም ቢሆን አብዛኛውን የሚያወጣው በክፋት አይደለም። መብራቱ የሚመጣው ከጋዝ ወይም ከከሰል ጣቢያ ከሆነ፣ ከተማውም ያለ መኪና የማያስኬድ ሆኖ ከተሠራ፣ እሱ ብቻውን ምርጫው ጠባብ ነው። የመብራት ጣቢያውን ዓይነት፣ የመንገዱን አሠራር፣ የነዳጁን ቀረጥ የሚወስነው መንግሥት ነው።

በእኛም አገር ቢሆን እንዲሁ ነው። የመብራታችን ኃይል ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ከውሃ ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። እናቶቻችንን «ዛፍ አትቁረጡ» ማለት ቀላል ነው፤ መብራቱ እስከ ምድጃቸው ካልደረሰ ግን በምን እንጀራ ይጋግሩ? መስመሩን መዘርጋት፣ ታሪፉን መወሰን፣ ምጣዱንና ምድጃውን በርካሽ ማቅረብ የግለሰብ ሥራ አይደለም።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ሃምሳው ሰው አንዳንድ ሎሚ እንዲይዝ ግን የሚያከፋፍል ሥርዓት ያስፈልጋል። ፖለቲካ የምንለውም በመሠረቱ ይህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ፖለቲካዊ እርምጃ ስንል ለአንድ ፓርቲ መወገን ማለታችን አይደለም። የጋራ ሸክምን በጋራ ሕግ ማከፋፈል ማለታችን ነው።

5ኛ/ መንግሥታት ሲስማሙ ይቻላል

«የዓለም መንግሥታት ተስማምተው ያውቃሉን?» የሚል ቢኖር፣ አዎን፣ ተስማምተው ያውቃሉ። ለዚህ የኦዞን ታሪክ ምስክር ነው።

ከምድር በላይ በሩቅ ከፍታ ያለው የኦዞን ሽፋን ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር ያጣራልናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት በፍሪጅና በሚረጭ ቆርቆሮ ውስጥ የሚገባው ክሎሮፍሎሮካርቦን የተባለ ጋዝ ይህን ሽፋን እንደሚበላው አስታወቁ። ጋዙን የሚሠሩት ኩባንያዎች ተቃወሙ። በ1985 ግን በደቡብ ዋልታ ላይ ሽፋኑ ክፉኛ መሳሳቱ በመለኪያ ተረጋገጠ። በ1987 መንግሥታት በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ውል ተፈራረሙ፤ በ1990 ደግሞ ድሆች አገሮች አዲሱን ዘዴ እንዲገዙ የሚረዳ የገንዘብ ቋት ተቋቋመ። በመጨረሻም የዓለም አገሮች በሙሉ ገቡበት። ከዚያ ወዲህ ከእነዚህ ጎጂ ጋዞች 99 በመቶ ያህሉ ከምርት ወጥተዋል፤ በደቡብ ዋልታ ያለውም ሽፋን በ2066 ገደማ ወደ ቀድሞው ሁኔታ እንደሚመለስ ይጠበቃል።

ይህ የሆነው እያንዳንዱ ሰው ፍሪጅ ሲገዛ ጋዙን እየመረመረ አይደለም። መንግሥታት «ይህ ጋዝ ከዚህ ቀን በኋላ አይሠራም» ብለው ስለ ወሰኑ፣ ለደኸየውም ስለ ከፈሉለት ነው። እነሆ ዛሬ ፍሪጅ የገዛ ሰው ሳያውቀው ሰማዩን ይጠብቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ እንግሊዝ ናት። በከሰል የሚሠራ የሕዝብ መብራት ጣቢያ በለንደን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነበር። ፓርላማዋ በ2008 የሚወጣውን ጋዝ በየጊዜው የሚቀንስ አስገዳጅ ሕግ አወጣ፤ ጋዝ በሚያወጡ ጣቢያዎችም ላይ ክፍያ ተጣለ፤ በባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ተተከለ። በ2012 ከመብራቷ 40 በመቶ ያህል ከከሰል ይመጣ ነበር፤ መስከረም 30 ቀን 2024 ግን የመጨረሻው የከሰል ጣቢያ ተዘጋ። ለመቶ አርባ ዓመት የነደደው እሳት በጥቂት ዓመታት ሕግ ጠፋ።

6ኛ/ ታዲያ ምን ዘገየ?

የአየር ንብረት ለውጥ ውል ታሪክ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ መንግሥታት የመጀመሪያውን ስምምነት አደረጉ። በ1997 በጃፓን ኪዮቶ ባለጸጎቹ አገሮች ለመቀነስ ቃል ገቡ፤ አሜሪካ ግን ፈርማ ሳታጸድቀው ቀረች፣ ካናዳም በ2011 እንደምትወጣ አስታወቀች። በ2009 በኮፐንሃገን፣ የአፍሪካን ቡድን የመሩት የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነበሩበት ጉባኤ፣ ባለጸጎቹ እስከ 2020 ለታዳጊ አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማቅረብ ቃል ገቡ፤ ቃሉ የተሞላው ግን ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ነው። በ2015 በፓሪስ አገሮች ሁሉ የምድርን ሙቀት ጭማሪ ከ2 ዲግሪ በጣም ዝቅ ለማድረግ፣ ከተቻለም በ1.5 ለመግታት ተስማሙ፤ አሜሪካ ግን ወጣች፣ ተመለሰች፣ በ2025 ደግሞ ዳግመኛ እንድትወጣ ፕሬዚዳንቷ አዘዙ። የችግሩ ዋና ምንጭ የሆነውን ነዳጅ ስለ መተው በጉባኤው ውሳኔ ላይ በግልጽ የተጻፈው በ2023 በዱባይ ነው፤ ከሪዮ በኋላ 31 ዓመት መሆኑ ነው።

በመንግሥታት የተቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2018 እንዳስታወቀው፣ ሙቀቱን በ1.5 ዲግሪ ለመግታት ዓለም የምታወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ልክ በ2030 45 በመቶ ያህል መቀነስ፣ በ2050 ግድም ደግሞ የሚወጣውንና የሚመለሰውን ማስተካከል ይኖርባት ነበር። ከዚያ ወዲህ የዓመቱ ልክ ሳይቀንስ ቀጥሏል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ እንደ ጭስ በነጋታው የሚበተን አይደለም፤ ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት በአየር ላይ ይቆያል። ዛሬ የወጣውን የልጅ ልጆቻችን ይወርሱታል። አጣዳፊ ነው የምንለውም ለዚህ ነው። ዕዳው የሚቆጠረው ከተከማቸው ላይ ስለ ሆነ፣ አንድ ዓመት በዘገየ ቁጥር የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ይከብዳል።

7ኛ/ «ያልበደልን እኛ ለምን?»

ይህ ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። አፍሪካ በጠቅላላው ከዓለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምታወጣው በመቶ 4 ያህል ብቻ ነው። የቦረናው አርብቶ አደር ያላቃጠለውን ከሰል ዕዳ በከብቱ ከፍሏል። ስለዚህም ነው ታዳጊ አገሮች ለደረሰባቸው ጉዳት ካሳ የሚሆን ቋት እንዲቋቋም ሠላሳ ዓመት ያህል ሲጠይቁ የቆዩት። እ.ኤ.አ. በ2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አገኘ። ወደ ቋቱ የሚገባው ገንዘብ ከሚፈለገው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ከቃሉ እስከ ገንዘቡ ያለውን መንገድ መከታተል የመንግሥታችንና የእኛ ፈንታ ነው።

ይሁን እንጂ ፍትሕ የሚጠይቅ ሰው የራሱንም ቤት ይጠርጋል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከጥንቱ ደን የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ዙሪያ ያለው ነው። ከሩቅ ሲያዩት በቢጫ እርሻ መካከል አረንጓዴ ነጥብ ይመስላል። አባቶቻችን ስለ ጠበቁት ምንጭ አለ፣ ንብ አለ፣ ወፍ አለ። ብዙዎቹ ደኖች ግን ትንንሽ ናቸው፤ ከብት እየገባ ቡቃያውን ይበላል፣ ዳሩም በባሕር ዛፍና በእርሻ እየተገፋ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ችግኝ ይተከላል። የተተከለውን ስናስታውቅ የጸደቀውንም ቆጥረን ማስታወቅ ይገባናል። ያልጸደቀ ችግኝ ተቆጥሮ ጥላ አይሆንም፤ የእኛው ዳገት ምስክር ነው።

8ኛ/ ወጣቶች ምን ልናደርግ እንችላለን?

«እኛ ማን ሆነን?» ለምትሉ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገራችሁ። ቫኑዋቱ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች፣ ሕዝቧ ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ የማይበልጥ የደሴቶች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያ የሚማሩ 27 የሕግ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ አንድ አሳብ አፈለቁ። ይኸውም የዓለም ፍርድ ቤት መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ያለባቸውን ግዴታ እንዲገልጽ ይጠየቅ የሚል ነበር። ለየመንግሥታቱ ጻፉ፤ ብዙዎች ዝም አሏቸው፤ የቫኑዋቱ መንግሥት ግን ሰማቸው። በመጋቢት 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን ያለ ተቃውሞ አጸደቀው። ሐምሌ 23 ቀን 2025 በሄግ ያለው ፍርድ ቤት መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ግዴታውንም መጣስ ኃላፊነት እንደሚያስከትል አስታወቀ። የፍርድ ቤቱ ቃል ምክር እንጂ አስገዳጅ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲህ «ግዴታ የለብንም» ማለት ለማንም አስቸጋሪ ሆኗል። ይህ ሁሉ የተጀመረው እንደ እኛው ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር።

ስለዚህ በእኛ በኩል የሚከተለውን አስበናል፡-

ሀ/ እውነቱን ማወቅ። የሰማነውን ሁሉ ሳናራግብ፣ ከአየር ንብረት ለውጥ የመጣውን ከራሳችን አያያዝ ከመጣው መለየት።

ለ/ የተከልነውን መቁጠር። በየዓመቱ በመስከረምና በግንቦት የጸደቀውን ቆጥረን በዚሁ ገጽ ማውጣት፤ ውጤቱ ቢያሳፍርም መደበቅ የለብንም።

ሐ/ በቀበሌና በወረዳ ስብሰባ ላይ በትሕትና መጠየቅ። ለተፋሰስ ሥራ ስንት በጀት ተያዘ? መብራት መቼ ይደርሰናል? ድርቅ ቢመጣ የተዘጋጀው እህል የት ነው?

መ/ በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ዘመዶቻችን መጻፍ። ዜግነት ያላቸው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምፃቸውም ብዙ ጋዝ በሚያወጡ አገሮች ምክር ቤት ይቆጠራል። በበዓል ስልክ ስንደውል ስለ ዶላሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ዝናቡም ብንነግራቸው መልካም ነው።

ሠ/ ለጉባኤው መዘጋጀት። እ.ኤ.አ. በ2025 በብራዚል ቤሌም ከተማ በተደረገው ስብሰባ የ2027ቱን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተወስኗል። እንግዳ ሲመጣ ቤት ማሳመር የቆየ ልማዳችን ነው። ከቤቱ ማማር ጋር ግን ለእንግዶቹ የምንናገረውን ቃል፣ ለራሳችንም መንግሥት የምናቀርበውን ጥያቄ ማዘጋጀት ይገባናል።

መደምደሚያ

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ በ1976 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያው ነበረ፣ እርምጃው ግን አልነበረም። ስለ ምድር ሙቀትም ማስጠንቀቂያው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ከጥፋት በኋላ የሚሰማ ጩኸት ማንንም አላዳነም። እሳቱ ገና ጎጆውን አልጨረሰውም፤ በቅጠል የሚመታበት ጊዜ አለ፤ ግን ጊዜው አጭር ነው፤ ቅጠሉንም በአንድነት መያዝ ያስፈልጋል።

የዳገቱን ችግኝ በሚቀጥለው ሰኔ እንደ ገና እንተክላለን። ጀሪካናችንንም አንጥልም። ወንድማችን «ማቆም የሚችለው ማን ነው?» ብሎ ለጠየቀው ግን መልሳችን ይህ ነው፤ ሕግ የሚያወጡና በጀት የሚመድቡ ሰዎች ማቆም ይችላሉ፤ እነሱን መጠየቅ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ በአካባቢያችን ከታዩት ለውጦች የትኞቹ ከአየር ንብረት ለውጥ፣ የትኞቹ ከራሳችን አያያዝ የመጡ ይመስላችኋል? ለምን?

2/ የ1977 እና የ2008 ዓ.ም. ድርቆች ውጤታቸው የተለያየው በምን ምክንያት ነው? በቤታችሁ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ የሰማችሁትን ጨምሩበት።

3/ የኦዞን ውል ሲሳካ የአየር ንብረቱ ውል ለምን የዘገየ ይመስላችኋል? ክሎሮፍሎሮካርቦንን መተውና ነዳጅን መተው በምን ይለያያሉ?

4/ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ እንድታቀርቡ ቢፈቀድላችሁ ምን ትጠይቃላችሁ? ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ በመጪው እሑድ ይዛችሁ ኑ።